ቡችላውን ከመምረጣችሁ በፊት እናቱን እዩ

አዲስ አበባ ውስጥ ግቢ ያለው ሰው ውሻ ሲያስብ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚመጣለት ጀርመን ሼፐርድ ነው። ግርማ ሞገስ አለው። ቶሎ ይማራል። ቤት ያስከብራል። ፈላጊው ስለበዛ ሻጩም በዝቷል። ቴሌግራም ላይ «ንፁህ ዘር፣ ሁለት ወር የሞላው፣ ክትባቱን የጨረሰ» የሚል ማስታወቂያ ከነፎቶው ይለጠፋል። ይደወላል፣ ዋጋ ይቆረጣል፣ ቀብድ ይላካል። ከዚያ ቡችላው በካርቶን ሆኖ ይመጣና መንገድ ዳር ርክክብ ይደረጋል።

ቀጥሎ የሚመጣውን ጣጣ የእንስሳት ሐኪሞች በደንብ ያውቁታል። ቡችላው በገባ በሳምንቱ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይጀምረዋል። ወይም ደህና አድጎ ዓመት ሲሞላው ከተኛበት ለመነሳት ይቸገራል። ወይም ደግሞ አካሉ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚደነብርና ልጅ ሲሮጥ የሚናከስ ይሆናል። ባለቤቱ «ዕድሌ ነው» ይላል።

አብዛኛው ግን የዕድል ጉዳይ አይደለም። ገሚሱ ቡችላው ሳይወለድ፣ ገሚሱ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት የተወሰነ ነገር ነው። ስለዚህ ቡችላ ስትገዙ በዋናነት የምትመርጡት እናቱን፣ አባቱንና ያሳደገውን ሰው ነው። የቡችላው መልክ ከእነሱ በኋላ ይመጣል። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ወረቀቱ ምን ይነግራችኋል?

ጀርመን ሼፐርድን እንደ አንድ ዝርያ ያቋቋመው ማክስ ፎን ስቴፋኒትስ የተባለ ጀርመናዊ የፈረሰኛ ጦር መኮንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 አንድ የበግ ጠባቂ ውሻ ገዛ። ስሙን ሆራንድ አለው። በዚያው ዓመት የዝርያው ማኅበር ተመሠረተና ሆራንድ የዘር መዝገቡ ላይ አንደኛ ሆኖ ሰፈረ። ከዚያ ወዲህ እናቱም አባቱም መዝገቡ ላይ ያሉ ቡችላ እሱም ይመዘገባል። ንፁህ ዘር የሚያሰኘው ይህ ሰንሰለት ነው። ጀርባው ጥቁር፣ እግሩ ቡኒ መሆኑ ወይም ጆሮው መቆሙ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

ወረቀቱ የሚናገረው ማን ከማን እንደተወለደ ነው። ጤነኛ ስለመሆኑ አይናገርም። የውሻ ዘር መዝጋቢ የሆነው የአሜሪካው ኬኔል ክለብ እንኳ ምዝገባው የጤናም የጥራትም ዋስትና እንዳልሆነ ራሱ ይገልጻል። ሁለት በሽተኛ ውሾች የተሟላ ወረቀት ያለው በሽተኛ ቡችላ ሊወልዱ ይችላሉ።

እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። አንዳንድ ሻጭ የሚያሳየው የአባትየውን፣ አንዳንዴም የአያትየውን ወረቀት ኮፒ ነው። ያ የቡችላው ወረቀት አይደለም። አባትየው ከውጭ የመጣ ነው ከተባለ ማይክሮቺፕ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ቆዳው ሥር የሚቀበር የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር ናት፤ ብዙውን ጊዜ 15 አሃዝ ያለው ቁጥር ትይዛለች። ማንበቢያ መሣሪያ ያለው ሐኪም ቁጥሩን ያወጣላችኋል። ከወረቀቱ ጋር ካልገጠመ ወረቀቱ የሌላ ውሻ ነው ማለት ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ «ወረቀት የለውም፣ እናትና አባቱ ግን እነዚሁ ናቸው» ብሎ ሁለቱንም አቁሞ የሚያሳይ ሰው ኮፒ ከሚያውለበልብ ሰው ይሻላል።

ስለ መጠንም አንድ ነገር ልበል። የዝርያው ደረጃ ለወንዱ ከ60 እስከ 65 ሴንቲ ሜትር ቁመትና ከ30 እስከ 40 ኪሎ ክብደት ይላል። ሴቷ ከ55 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ከ22 እስከ 32 ኪሎ ናት። «አባቱ 55 ኪሎ ነው» ተብሎ ዋጋ ሲጨመርባችሁ የምትገዙት ትርፍ ሸክም ነው። ያንን ሸክም የሚከፍለው ደግሞ ዳሌው ነው።

በስምንት ሳምንት የማይታየው ዳሌ

የጀርመን ሼፐርድ ትልቁ የዘር ችግር የዳሌ መገጣጠሚያ ነው። ሙቀጫና ዘነዘና አስቡ። የጭኑ አጥንት ጫፍ ክብ ነው፤ የዳሌው አጥንት ላይ ያለ ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ ገብቶ ይሽከረከራል። ጎድጓዳው ጥልቅ ከሆነ ክቡ ጫፍ ቦታውን ይዞ ይቀመጣል። ጎድጓዳው ሜዳ መሳይ ከሆነ ወይም ጅማቱ ከላላ ግን ይንሸራተታል። በተንሸራተተ ቁጥር ይፋተጋል። ሲፋተግ ይቆስላል፣ ያብጣል፣ በመጨረሻም ቁርጥማት ይሆናል።

ክፋቱ ቡችላው ሲወለድ ዳሌው ደህና መምሰሉ ነው። ልልነቱ የሚመጣው እያደገ ሲሄድ ነው። በስምንት ሳምንቱ እናንተም፣ ሻጩም፣ ሐኪሙም ሊያውቁት አይችሉም። ስለዚህ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ የወላጆቹን ራጅ ማየት። ጀርመን ውስጥ ውሻው ከ12 ወሩ ጀምሮ ራጅ ይነሳና ደረጃ ይሰጠዋል። አሜሪካ ያለው ኦኤፍኤ የተባለው ድርጅት የመጨረሻ ውጤት የሚሰጠው ውሻው 24 ወር ሲሞላው ነው። ኃላፊነት የሚሰማው አርቢ ይህንን ሳያይ ውሻውን አያራባም። ውጤቱ መጥፎ ከሆነ የፈለገ ቢያምር፣ የፈለገ ገንዘብ ወጥቶበት ቢሆን፣ ያ ውሻ አይወልድም። ጥሩ አርቢን ከነጋዴ የሚለየው እዚህ ጋ የሚያሳየው ቁርጠኝነት ነው።

የሁለት ጤነኞች ልጅ የግድ ጤነኛ ይሆናል ማለት ግን አይደለም። አደጋው ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። የቀረው ድርሻ የአስተዳደግ ነው። ቶሎ እንዲወፍር ያለልክ የተመገበ፣ የሚያንሸራትት ሴራሚክ ላይ ሲሯሯጥ ያደገ ቡችላ ዳሌው የባሰ ይጎዳል።

እናቲቱ ራጅ ተነስታ አታውቅም ከተባለስ? ይህ እኛ ጋ የተለመደ መልስ ነው። ያኔ ዓይናችሁ ላይ መመካት አለባችሁ። ከተኛችበት ስትነሳ እዩ። በአንዴ ብድግ ትላለች ወይስ በፊት እግሯ ራሷን እየጎተተች? ከእናንተ ርቃ በሶምሶማ እንድትሄድ አድርጉና ከኋላ ተመልከቷት። ሁለቱን የኋላ እግሮቿን እንደ ጥንቸል አንድ ላይ እየዘለለች የምትሮጥ ከሆነ ጥሩ ምልክት አይደለም። ከዚህ በፊት የወለደቻቸው ካሉ፣ አሁን ሦስትና አራት ዓመት የሆናቸው ልጆቿ የት እንዳሉ ጠይቁ። የአንዱን ባለቤት ደውሎ የሚያገናኛችሁ ሻጭ የሚደብቀው ነገር የለውም።

ሌላም በዘር የሚወርድ በሽታ አለ፤ የጀርባ ነርቭን ቀስ በቀስ የሚያደክምና አብዛኛውን ጊዜ ከስምንት ዓመት በኋላ የኋላ እግርን የሚያሽመደምድ። ለእሱ ተጋላጭ መሆኑ በዘረመል ምርመራ ይታወቃል። ውጭ አገር የምትገዙ ከሆነ የወላጆቹን ውጤት አሳዩኝ ማለት መብታችሁ ነው።

ስምንቱ ሳምንታት

ቡችላ ሲወለድ አያይም፣ አይሰማም። ዓይኑ የሚገለጠው ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሞላው ነው። ከሦስተኛው ሳምንት እስከ አሥራ ሁለተኛው ወይም አሥራ አራተኛው ያለው ጊዜ ደግሞ ለጠባዩ ወሳኝ ነው። በዚህ ጊዜ ያየውን፣ የሰማውን፣ ያሸተተውን ሁሉ የዓለም ልማድ ነው ብሎ ይቀበላል። ያላየውን ሲያድግ ይፈራዋል። የፈራ ውሻ ደግሞ ይናከሳል።

ጥሩ አርቢ ይህንን ስለሚያውቅ ቡችሎቹን ቤተሰቡ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ያሳድጋቸዋል። ድስት ሲወድቅ ይሰማሉ። ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ ይሰማሉ። ሕፃን ያቅፋቸዋል፣ ሽማግሌ ከዘራ ይዞ ያልፋቸዋል፣ መኪና አጠገባቸው ይነሳል። ሣር፣ ሲሚንቶ፣ አፈር ይረግጣሉ። ጓሮ ባለ ጨለማ ክፍል ተቆልፎባቸው ምግብ ብቻ የሚወረወርላቸው ቡችሎች ግን ያ ጊዜ እንዲሁ ያልፋቸዋል። በኋላ ማካካስ ይቻላል፤ ግን ከባድ ነው፣ ሙሉ በሙሉም ላይሳካ ይችላል።

በእነዚሁ ሳምንታት ቡችላው ከወንድም እህቶቹ ጋር ሲጫወት መንከስን መመጠን ይማራል። ጠንክሮ ሲነክስ ያኛው ይጮኻል፣ ጨዋታው ይቋረጣል። እናቲቱም ልክ ታስገባዋለች። በአራትና በአምስት ሳምንቱ የተለየ ቡችላ ይህ ትምህርት ይቀርበታል። ጀርመን ቡችላን ከስምንት ሳምንት በፊት ከእናቱ መለየት በሕግ የከለከለችው ያለ ምክንያት አይደለም።

ታዲያ አንዳንዱ ለምን በአምስት ሳምንት ይሸጣል? ከዚያ በኋላ ብዙ ስለሚበሉ ነው። ስምንት ቡችላ ለተጨማሪ ሦስት ሳምንት መቀለብ ቀላል ወጪ አይደለም። ስለዚህ «ሁለት ወር ሆኖታል» ይባላል። አፉን ከፍታችሁ እዩ። በስምንት ሳምንት 28ቱ የወተት ጥርሶች በሙሉ ማለት ይቻላል ወጥተዋል። ከፊት ትንንሾቹ ብቻ ካሉና የመንጋጋዎቹ ቦታ ገና ባዶ ከሆነ ዕድሜው ተጨምሮበታል።

ስለ ጠባይ ሲነሳ እኛ ጋ ያለ አንድ ልማድ በጣም ያሳስበኛል። «አባቱ ሰው አያስጠጋም፣ ከሰንሰለት ከተፈታ አለቀላችሁ» ተብሎ እንደ ሙገሳ ይነገራል። ይህ ሙገሳ አይደለም። ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ እንግዳ ማስተናገድ የማይችል ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ፈሪ ነው። ፍርሃት ደግሞ በዘርም ይወርዳል፣ ከእናትም ይቀዳል። ቤት የሚጠብቀው የተረጋጋ ውሻ ነው። ባዕድን ከዘመድ ይለያል፣ ባለቤቱ «ተው» ሲለው ይተዋል። እናቲቱ ከልጆቿ ጋር ስለሆነች መጀመሪያ ላይ ብትጠራጠራችሁ አይገርምም። ባለቤቷ ሲያረጋጋት ግን መለስ ማለት አለባት። ጥግ ይዛ የምትንቀጠቀጥ ወይም ያለማቋረጥ ጥርሷን የምታሳይ ከሆነ ቡችሎቹ የቱንም ያህል ቢያምሩ አትግዙ።

«ክትባቱን ጨርሷል» ማለት አይቻልም

የሁለት ወር ቡችላ ክትባቱን ሊጨርስ አይችልም። ሻጩ እንዲህ ካላችሁ ወይ አያውቅም ወይ እየዋሻችሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡችላው በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ከእናቱ እንገር ጋር የበሽታ መከላከያ ይጠባል። ይህ መከላከያ ለሳምንታት ይጠብቀዋል። ችግሩ ክትባትንም እንደ በሽታ ቆጥሮ ያከሽፈዋል። መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ አስቀድሞ አይታወቅም። አንዱ ላይ በስድስተኛው ሳምንት ይሳሳል፣ ወንድሙ ላይ እስከ አሥራ አራተኛው ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀምርና በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ እየደገመ ቢያንስ እስከ አሥራ ስድስተኛው ሳምንት ይቀጥላል። የሚደጋገመው የእናቱ መከላከያ አልቆ ክትባቱ የሚይዝበት ቀን እንዳያመልጥ ነው። ስምንት ሳምንት ሲሞላው አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ተከትቦ ይሆናል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ሦስት ወር ሲሞላው ነው። ያ በሽታ አገራችን ውስጥ ዛሬም ሰው ይገድላል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ይህን ክትባት ለነገ አታሳድሩ።

መጀመሪያ ላይ ያነሳሁት ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ብዙ ጊዜ ፓርቮ ነው። ይህ ቫይረስ ዓለም ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ቡችላን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። አፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። ተራ ሳሙና አይገድለውም፤ በረኪና ግን ይገድለዋል። በጫማም በእጅም ይጓዛል። ስለዚህ በአንድ ቀን ሦስት ሻጭ ጋ እየዞራችሁ ቡችላ አትቀፉ። አንዱ ጋ ያለውን ለሌላው ታደርሳላችሁ። ግቢያችሁ ውስጥ በቅርቡ ቡችላ በፓርቮ ሞቶ ከነበረ ደግሞ ሐኪም ሳታማክሩ ሌላ አታምጡ።

የክትባት ደብተሩን ስታዩ ቀኑን፣ የሐኪሙን ፊርማና ከጠርሙሱ ተልጦ የሚለጠፈውን ወረቀት ፈልጉ። በእስክሪብቶ «ተከትቧል» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ማስረጃ አይሆንም። የሆድ ትል መድኃኒትም ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ መሰጠት ነበረበት፤ ቀኖቹ ተጽፈው እንደሆነ እዩ።

ሄዳችሁ ስታዩ

ቡችላው የተወለደበት ቦታ ድረስ ሂዱ። «መሀል መንገድ እንገናኝ፣ ይዤላችሁ እመጣለሁ» ከተባላችሁ እዚያው ላይ ተዉት። እናቲቱ «ገጠር ተልካለች»፣ «ታማ ሐኪም ጋ ናት» ከተባለም እንዲሁ። ሴት ውሻ አስቁመው «እናቱ ይቺ ናት» ሊሏችሁም ይችላሉ። ጡቷን እዩ። ስምንት ሳምንት ያጠባች ውሻ ጡቷ ወርዶ፣ ጠጉሯ ሳስቶ ይታያል። ቡችሎቹም ሲያዩዋት ይሮጡባታል።

በር ሲከፈት መጀመሪያ የሚነግራችሁ አፍንጫችሁ ነው። ቡችሎች ይጸዳዳሉ፤ የዛሬ ነገር ቢኖር አይደንቅም። የሳምንት ሽንት ሽታ ግን ሌላ ነው። ከዚያ ዝም ብላችሁ ቁጭ በሉ። የትኞቹ ወደ እናንተ ይመጣሉ? ቁልፋችሁን ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ጣል አድርጉት። ደንግጦ ተመልሶ መጥቶ የሚያሸተው ቡችላ ደህና ነው። ተደብቆ የማይወጣው ያሳስባል። ሰው ሁሉ ላይ እየተንጠለጠለ የሚያስቸግረው ደግሞ ጠንካራ አሠልጣኝ ላለው ቤት ካልሆነ ለጀማሪ ይከብዳል።

የወደዳችሁትን አንሱት። ድዱ ሮዝ ነው? ዓይኑ ጥርት ያለ ነው? ጎኑን ዳስሱ፤ አጥንቱ በስሱ ሥጋ ተሸፍኖ ሊሰማችሁ ይገባል። ጎኑ ከስቶ ሆዱ ብቻ እንደ ከበሮ የተወጠረ ከሆነ ትል ሊሆን ይችላል። ጭራውን ከፍ አድርጋችሁ ተመልከቱ፤ ጠጉሩ ላይ የደረቀ ተቅማጥ መኖር የለበትም። ጆሮው ቢወድቅ አትጨነቁ። በስምንት ሳምንት መውደቁ ያለ ነገር ነው፤ ጥርስ በሚቀይርበት ጊዜ ቆሞ ሊወድቅ፣ ወድቆ ሊቆም ይችላል። ጆሮው ይቆምለት ብላችሁ ካልሲየም አትስጡ። ትልልቅ ዝርያ ቡችሎች ሲያንሱ የተረፋቸውን ካልሲየም መመለስ ስለማይችሉ አጥንታቸው ይበላሻል።

ሻጩ እናንተን ካልጠየቃችሁ ተጠራጠሩ። ጥሩ አርቢ ይመረምራችኋል። ግቢያችሁ አጥር አለው? ቀን ቤት ማን ይውላል? ሕፃን አላችሁ? ታስሮ ነው የሚውለው? ከዚህ በፊት የነበራችሁ ውሻ ምን ሆነ? ጥያቄው ቢያበሳጫችሁም በደስታ መልሱ። ለቡችላው ሰባት ሳምንት እንቅልፍ ያጣ ሰው ለማንም አይሰጠውም። ወረፋ ጠብቁ ቢላችሁም ጠብቁ። ሁልጊዜ ቡችላ የማያጣ ቤት፣ ሴቷን ወንድ በፈለገች ቁጥር የሚያስወልድ ቤት ነው።

ውሉንም በጽሑፍ አድርጉት። ሦስት ነገር ይኑርበት። ቡችላው በገባ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ በራሳችሁ ሐኪም ታይቶ ችግር ከተገኘበት ገንዘቡ እንዲመለስ። በዘር የመጣ ከባድ በሽታ ቢታይ ሻጩ ምን እንደሚያደርግ። ደግሞም በማናቸውም ጊዜ ማቆየት ቢያቅታችሁ ውሻውን መልሶ እንደሚወስድ። ሦስተኛውን ሳትጠይቁት ራሱ ካነሳ ሰው አግኝታችኋል።

ውጭ አገር ላላችሁ

እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ከስድስት ወር በታች የሆነ ቡችላን ያላረባው ነጋዴ መሸጥ አይችልም። ገዢው ቡችላውን በተወለደበት ቦታ ከእናቱ ጋር ማየት አለበት። ሕጉ የሉሲ ሕግ ይባላል፤ ዌልስ ውስጥ ካለ የቡችላ ማምረቻ፣ ማለትም ለትርፍ ብቻ ውሻ በገፍ ከሚያስወልድ ቦታ፣ በዳነች ትንሽ ውሻ ስም የተሰየመ ነው። ካሊፎርኒያ ከ2019፣ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ሜሪላንድ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ ሱቆች ከማምረቻ የመጡ ቡችሎችን እንዳይሸጡ ከልክለዋል። ስለዚህ ሜሪላንድ ያለ ሰው ኢንተርኔት ላይ ፎቶ አይቶ ከሌላ ስቴት «እንልክልሃለን» ከሚሉት ከገዛ፣ ሕጉ ሊያስቀርለት የሞከረውን ነገር በጓሮ በር ማስገባቱ ነው። የወላጆቹን የዳሌ ውጤት ለማየት አሜሪካ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ኦኤፍኤ በድረ ገጹ ላይ ይፋ የተደረጉ ውጤቶችን በውሻው የተመዘገበ ስም ፈልጋችሁ ታገኛላችሁ።

ቤት ሲገባ

አርቢው ሲመግበው የነበረውን ምግብ ለሳምንት ያህል ጠይቃችሁ ውሰዱ፤ በአንዴ ከቀየራችሁበት ሆዱ ይታወካል። ወደ እናንተ ምግብ ቀስ እያላችሁ አሸጋግሩት። ቅመምና ሽንኩርት ያለበትን የወጥ ትራፊ አትስጡት፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። እናቱ የተኛችበትን ጨርቅ ቁራጭ ከሰጧችሁ አብራችሁ አስተኙት፤ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ያቀልለታል።

ክትባቱ እስኪሟላ ሰፈር ውስጥ ውሾች የሚውሉበት መሬት ላይ አታስረግጡት። ግን ቤት ቆልፋችሁም አታስቀምጡት፤ ያ ወሳኝ ጊዜ ገና አላለቀም። አቅፋችሁ ይዛችሁት ውጡ። ታክሲ ተራ አጠገብ ቁሙ፣ ባጃጁን ይይ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደወልና የመስጊዱን አዛን ይስማ። የሰፈር ልጆች እጃቸውን ታጥበው እቤት መጥተው ያጫውቱት። በሰንሰለት ማሰርን በዚህ ዕድሜው አታስቡት። የቀጣዩን ክትባት ቀጠሮ ደግሞ ቡችላው ቤት በገባ በመጀመሪያው የሐኪም ጉብኝት ላይ አስይዙ።